ከዙፋኑ ጀርባ ያለው ሽንቁር

ቫልድሪን የምትባለው የፈረንጅ አገር ትንሽ መንግሥት ቤተ መንግሥቷ ግድግዳው ሽንቁር ነው። ሽንቁር ስላችሁ አይጥ የምትሾልክበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት በሬ ጎን ለጎን እንደተጠመደ የሚያልፍበት፣ በር ያልተገጠመለት፣ መጋረጃ ያልተሰቀለበት፣ ጠርዙ እንደተገመጠ ዳቦ የተሸራረፈ ነው፤ ያለውም በጓሮ ወይም በማድ ቤት በኩል ሳይሆን ልክ ከንጉሡ ዙፋን ጀርባ ነው። በብርዱ ወራት ነፋሱ በዚያ ይገባና የንጉሡን ማጅራት ይመታዋል፤ ስለዚህም የቫልድሪን ነገሥታት ከአባት ወደ ልጅ የሚወራረሱት ዘውድና ጉንፋን ነው ይባላል።

እኔ አገሩን ያየሁት ልጄ እዚያ አግብታ ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ነው። ለትንሽ ጊዜ ብዬ ሄጄ ዓመት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያንን ሽንቁር ሳይ፣ ምን ዋጋ አለው፣ አፌ አያርፍም፣ «ወይ ጉድ! መንግሥት ሆነው ግንበኛ አጡ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። የልጄ ባል አባት ሊንሃርት የሚባሉ ሽማግሌ፣ ልጄ ቃሌን ስትተረጉምላቸው ከት ብለው ሳቁና፣ «እንግዲህ ይቀመጡ፣ ይህ ቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም» አሉኝ። ከእሳቸው የሰማሁትን፣ ኋላም ሌሎቹ ሽማግሌዎች እየተቀባበሉ የጨመሩበትን፣ እንደሚከተለው እነግራችኋለሁ።

ቫልድሪን በሁለት ረጃጅም ተራሮች መካከል የተወተፈች ሸለቆ ናት። ከትንሽነቷ የተነሳ በአንደኛው ጫፍ ያለ ሰው ሲያስነጥስ በሌላኛው ጫፍ ያለው «ይማርህ!» ይለዋል ብለው በራሳቸው ይቀልዳሉ፤ ዞሬ አይቻታለሁ፣ ትንሽ አጋነኑ እንጂ ብዙም አልዋሹም። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ እህል አይሆንላቸውም፤ ያላቸው ላም ነው። የሚበሉት ከላም፣ የሚለብሱት ከላም፣ ለጨው ነጋዴ የሚሰጡትም ያንኑ የላም ፎርማጆ ነው። ዓመታቸውም እንደ እኛ በወር የሚከፋፈል አይመስልም፤ ላም የሚወጣበትና ላም የሚወርድበት ብቻ ነው። በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል የሀብታሙም የድሀውም ላም አንድ ላይ ተቀላቅሎ ወደ ላይኛው ግጦሽ ይወጣል፤ ብርዱ ሲቃረብ ተመልሶ ወደ መንደር ይወርዳል። ላሞቹ ሳይወርዱ በረዶው ከቀደማቸው ላይ እንዳሉ ያልቃሉ፤ ላሞቹ ካለቁ ደግሞ ብርዱን የሚሻገር ሰው የለም።

መውጫውና መውረጃው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ከመንደሩ በላይ ሸለቆው ይጠብና፣ በአንድ በኩል ገደል የሆነ ግንብ የመሰለ አለት፣ በሌላው በኩል የሚያስገመግም ወንዝ፣ በመሀል ደግሞ አንድ ጠፍጣፋ መስክ ይቀራል። ይህን ቦታ «አንገት» ይሉታል። መስኩ ለምለምና ሰፊ ነው፤ ለአንድ ትልቅ ቤት ልክ ይበቃል፣ ከዚያ ግን ለላም ማለፊያ አይተርፈውም።

እንደሚነገረው፣ በየትኛው ዘመን እንደሆነ ሽማግሌዎቹም ይጨቃጨቁበታል እንጂ፣ አልማር የሚባል ልጅ ነገሠ። ዕድሜው ከልጄ ያነሰ ስለሆነ አንቱ ሳልለው ብተርክ ቅር አይበላችሁ። አባቱ በሕፃንነቱ ቫልድሪን ወደምትገብርለት ወደ ታላቁ ጎረቤት ንጉሠ ነገሥት ግቢ ለትምህርት ልኮት፣ እዚያው አድጎ፣ የአባቱን ሞት የሰማው እዚያው ሆኖ ነው። አባትየው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤተ መንግሥት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሲፈርድ ከበረቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚፈርደው ይባላል። በታላቁ ግቢ ያሉት የመሳፍንት ልጆች ይህን ሰምተው አልማርን «የበረት ንጉሥ ልጅ» እያሉ ሲያላግጡበት ኖረዋል። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ይል ነበር።

አባቱ ሲሞት ንጉሠ ነገሥቱ አስጠራውና፣ «ሄደህ ንገሥ። ላሞቹ በሚወርዱበት ወራት መልእክተኛዬን እልካለሁ። ለንጉሥ የሚመጥን መቀመጫ ካገኘልህ ንጉሥ እንደሆንክ ትቀጥላለህ፤ ካላገኘልህ ግን ሸለቆህን ለአጎቴ ልጅ ርስት አድርጌ እደርብለታለሁ» አለው። የአጎት ልጅ የተባለው ደግሞ የያዘውን አገር ሁሉ ገበሬውን አራግፎ ማደኛ ጫካ የሚያደርግ ሰው ነበር። እንግዲህ አልማር ዘውዱን ብቻ አይደለም፣ የሕዝቡን አገር በትከሻው ተሸክሞ ነው የመጣው።

የደረሰው በረዶው ቀልጦ፣ ላሞቹ ከወጡ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ልጁ ሲወጡ አላየም፣ ሲወርዱም ካየ ሕፃን ሆኖ ነው። አንገትን ሲያያት ባዶ፣ ለምለም፣ ጠፍጣፋ መስክ ናት። አብረውት የመጡት የውጭ አናጺዎችም ቦታውን አይተው አጨበጨቡ፤ ቤቱ ፊቱን ወደ በረዷማው ተራራ፣ ጀርባውን ወደ መንደሩ ይሰጣል፣ አለቱ በቀኝ፣ ወንዙ በግራ፣ ከዚህ የበለጠ ለንጉሥ መቀመጫ የት ይገኛል አሉ። አልማርም የአገሩን ሰው ሰብስቦ፣ «ይህን የመሰለ ቦታ እንዴት እስከ ዛሬ ባዶውን ተቀመጠ?» ብሎ ጠየቀ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጉሮሮውን የጠረገ አለ፣ ጫማውን ያየ አለ። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም።

ነገሩ ፈርተው አይደለም። እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሰው ቤት እሠራለሁ ብሎ ቃል ካወጣበት ቀን ጀምሮ ጣሪያው ተከድኖ እስኪያልቅ ድረስ ስለዚያ ቤት ክፉ ቃል አይናገሩም። ጣሪያ በሌለው ቤት ላይ የተነገረ ክፉ ቃል እንደ ዝናብ ገብቶ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል፣ የቤቱም ባለቤት ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ቃል ጋር ይኖራል ብለው ያምኑ ነበር። ምሰሶው ቢጣመም «ያምራል» ነው፤ ጭስ መውጫው በመስኮት ፊት ቢወጣ «እንዴት ግሩም ነው» ነው። ጣሪያው ካለቀ በኋላ ግን ልጓም የላቸውም፣ ያጠራቀሙትን ሁሉ ያወርዱበታል። እኔ ይሉኝታ የእኛ አገር በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሱም ዘመድ አለው፣ በረዶ አገር ድረስ ዘልቋል! «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን የእኛን ተረት ለሊንሃርት በልጄ በኩል ብነግራቸው፣ «ላም ግን ይገድላል» አሉኝ።

እናም ግንባታው ተጀመረ። ልጁ ደግሞ የሚጠላ ልጅ አልነበረም፤ ንጉሥ ነኝ ብሎ ጥላ ሥር አልተቀመጠም፣ እጁ እስኪላጥ ድንጋይ ይሸከማል፣ ከሠራተኛው ጋር ከአንድ ሳህን ይበላል፣ የአሮጊቶቹን ስም ጠይቆ አይረሳም። ግድግዳው አንድ ክንድ ከፍ ባለ ቁጥር ፊቱ ይበራል። ይህን እያዩ እንዴት ብለው ይንገሩት? አንጀታቸውን በላው። ማታ ማታ በየቤቱ ሚስት ባሏን «ኧረ ንገረው፣ ላሙ በየት ሊወርድ ነው?» ትለዋለች፤ ባልም «ጣሪያው ይለቅና በማግስቱ እነግረዋለሁ፣ ይኼኔ ተናግሬ የልጁን ቤት ልርገም?» ይላታል። ሁሉም ያሰበው አንድ ነበር፤ ጣሪያው የሚያልቀው ላሞቹ ከመውረዳቸው በፊት ነው፣ ያን ጊዜ ይነገረዋል፣ መላም ይፈለጋል። ቤቱ መስኩን ሞልቶ ሲቆም ለሰው ማለፊያ በወንዙ ዳር ጠባብ የሳንቃ መተላለፊያ ተሠራ፤ ሰው አንድ በአንድ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ያልፍበታል። ላም ግን ሆዷን ወደ ውስጥ አትስብም።

ላይ በግጦሹ የእረኞቹ አለቃ ኡርሱላ የምትባል አሮጊት ነበረች። ባሏንም ልጆቿንም ቀብራ የአገሩን ላም በሙሉ እንደ ልጅ የያዘች፣ እያንዳንዷን በስም የምትጠራ ሴት ነበረች ይሏታል። ዳቦ የሚያደርሱላት ሰዎች፣ «አንገት ላይ የንጉሡ ቤት እየተሠራ ነው» ሲሏት ኡርሱላ ዳቦውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች አሉ። ቆይታ፣ «ጣሪያው ወጥቷል?» ብላ ጠየቀች። «አልወጣም» አሏት። «እንግዲያው ያማረ ቤት ይሁንለት» ብላ ወደ ላሞቿ ዞረች። እሷም ያው የአገሩ ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ?

ሰው ያስባል፣ ሰማይ የራሱን ያደርጋል። የጣሪያው መዳብ ከሩቅ አገር ሲመጣ መንገድ ላይ ዘገየ። መልእክተኛው ደግሞ፣ ፋብሪስ የሚባል፣ ረጅም፣ ለስላሳ ንግግር ያለው መኮንን፣ ከተባለው ቀን ቀድሞ ደረሰ። አዳራሹ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ ዙፋኑ በጀርባው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ባለ ቀለም መስታወት ሆነው ሲያይ ፋብሪስ በእርግጥ ተገረመ። ጣሪያው አንድ ማዕዘን ብቻ ነበር የቀረው። አልማርም በጆሮው፣ «ነገ ያልቃል» አለው፤ ፋብሪስም ፈገግ ብሎ፣ «ነገ አይቼ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ፤ ጌታዬ የሚሰማው ደግ ነገር ነው» አለ። ልጁ በዚያች ቅጽበት ዕድሜውን ሙሉ ካላገጡበት ልጆች ሁሉ ከፍ ያለ ሆኖ የተሰማው ይመስለኛል። እኔም ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሰማዩ እርሳስ መሰለ። ቀትር ሳይሆን በረዶው መጣ፣ ያውም በዚያ ወር ታይቶ የማያውቅ፣ ሰው ፊቱን የማያይበት በረዶ። መንደርተኛው ሁሉ የሥራውን ዕቃ እየጣለ በሳንቃው ተሻግሮ ወደ አዳራሹ ገባ፤ ለምን እንደገባ ማንም አልተናገረም፣ ማንም ግን ቤቱ መቀመጥ አልቻለም። ትንሽ ቆይቶ ከተራራው በኩል የቃጭል ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ ሸለቆው በሙሉ ቃጭል ሆነ።

አልማር ትልቁን በር ከፈተው። ከደጃፉ አንስቶ ዓይን እስከሚያደርስበት ድረስ ላም ነው፤ ጀርባቸው ነጭ ሆኗል፣ ከአፍንጫቸው እንፋሎት ይወጣል፣ ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን ይገፋሉ፣ ከወንዙ ዳር ያሉት እግራቸው ይንሸራተታል። ከፊት ኡርሱላ ሻርፕዋን አገጯ ሥር ቋጥራ፣ በትሯን ተደግፋ ቆማለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አልማር።

ኡርሱላ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ማዕዘኑ አላለቀም። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። ኋላ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ «ጃንሆይ፣ ቤትዎ እጅግ ያምራል» አለችው። ከዚያ፣ «ላሞቹን ግን ይበርዳቸዋል።»

አልማር እሷን አየ፣ ላሞቹን አየ፣ በቀኝ አለቱን፣ በግራ ወንዙን አየ። ዞሮም ሕዝቡን ሲያይ አንድም ዓይኑን የሚያየው ሰው አጣ። «የላሞቹ መንገድ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ሲያይ ልጁም ዝቅ ብሎ የቆመበትን ወለል አየ፤ ያን ጊዜ ገባው። ፊቱ እንደ ሰም ነጣ ይላሉ።

ፋብሪስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁን ወዶታል። ቀረብ ብሎ በለሆሳስ፣ «ጃንሆይ፣ እኔ እስካሁን ያየሁት ያማረ አዳራሽ ነው። በሩን ይዝጉት። ላም ይተካል፣ ዘውድ ግን ከወደቀ አይነሳም፤ ዘውዱ ከሄደ ደግሞ ይህ ሕዝብ የማን እንደሚሆን ያውቃሉ» አለው። እውነቱን ነበር፤ ይህ ነው የሚያስጨንቀው። ልጁ በሩን ቢዘጋ ሕዝቡ ብርዱን አይሻገርም፣ ግድግዳውን ቢያፈርስ ሕዝቡ አገር አይኖረውም።

አልማርም፣ «የሚሞተው ሕዝብ ላይ ምኑን እነግሣለሁ?» አለና የግንበኞቹን ማርቴሎ ከጥግ አንስቶ፣ ዙፋኑን በትከሻው ገፍቶ ወደ ዳር አድርጎ፣ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ በሙሉ ጉልበቱ መታው። የበጋውን ቀን ሁሉ በገዛ እጁ የተሸከመው ድንጋይ ነው። ሲመታው እያለቀሰ ነበር ይባላል፤ እየሳቀ ነበር የሚሉም አሉ።

ኖራው ገና እርጥብ ስለነበር የመጀመሪያው ድንጋይ ወዲያው ወደቀ። ይህን ጊዜ ከሕዝቡ መሀል አንድ ሽማግሌ፣ «ፈረሰ!» ብሎ ጮኸ። የፈረሰ ቤት የሚሠራ ቤት አይደለም፤ ልማዱ ተፈታ! የዚያ ሁሉ ወር ዝምታ እንደ ግድብ ተናደ። «ጃንሆይ፣ ቦታው የላም መንገድ ነው!» አለ አንዱ። «መስኮቱም ጠማማ ነው!» አለች አንዷ። «ጭስ መውጫው ወደ ውስጥ ነው የሚያጨሰው!» «ደረጃው ለሽማግሌ አይሆንም!» «ቀለሙንስ ማን መረጠልዎ?» እየተሳደቡ፣ እያለቀሱ፣ በመዶሻም በዲጅኖም በጥፍራቸውም ግድግዳውን ተረባረቡበት። አልማርም በያንዳንዱ ምት መሀል፣ «ምነው ቀድማችሁ ብትነግሩኝ!» ይላል፤ እነሱም፣ «ጣሪያ አልነበረውማ!» ይሉታል። የውጭዎቹ አናጺዎች ግራ ገብቷቸው ራሳቸውን ይዘው ቀሩ።

ሽንቁሩ ሲሰፋ ላሞቹ በትልቁ በር ገቡ። በቀዩ ምንጣፍ ላይ፣ በባለ ቀለሙ መስታወት ሥር፣ ቃጭላቸው አዳራሹን እያናወጠው፣ እበታቸውን እንደልባቸው እየጣሉ በንጉሡ ፊት አልፈው በሽንቁሩ ወደ መንደራቸው ወረዱ። ፋብሪስ ከጥግ ቆሞ ሳለ አንዲት ጥጃ ደንግጣ እግሩ ሥር ተወሸቀችበት፤ ምን ያድርግ፣ ከነሐር ልብሱ አቅፏት አወጣት።

ሁሉም ያለፉ ሲመስል ኡርሱላ ወደ ኋላ ዞረች። አንዲት የመበለት ላም፣ አንካሳ፣ ቀርታለች። «ተዪያት፣ ትሞቻለሽ!» ቢሏት አልሰማችም፤ በረዶው ውስጥ ገብታ ተሰወረች። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ምንጣፉን ሳይቀር በረዶ አለበሰው፤ አናጺዎቹ «በሩን እንዝጋ፣ ሽንቁሩንም በሳንቃ እንድፈነው፣ ጃንሆይም ከእሳቱ ዳር ይቀመጡ» አሉ። አልማር ግን በተከፈተው በር ላይ ቆሞ፣ «ያልገባች አለች። እንዴት ብዬ እቀመጣለሁ?» አለ። ንጉሡ ቆሞ ሌላው አይቀመጥምና ሕዝቡም ቆመ፤ ፋብሪስም ቆመ። ኡርሱላ እንድትሰማ ተራ በተራ እየተጣሩ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ቆሙ።

ቀኑ ሊመሽ ሲል አንካሳዋ ላም እያነከሰች ከበረዶው ብቅ አለች፤ ኡርሱላ ጅራቷን በሁለት እጇ ይዛ እየተጎተተች ትከተላለች። ማን ማንን እንዳመጣ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አሮጊቷ ልትወድቅ ስትል አልማር ደግፎ አስገባት፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአንዱ ዙፋን በስተቀር ሌላ መቀመጫ አልነበረምና እዚያው ላይ አስቀመጣት፤ ተንበርክኮም የቀዘቀዘ ጫማዋን በእጁ አወለቀላት። ኡርሱላም ዙሪያውን ቃኝታ፣ «አሁን ጥሩ ቤት ወጣው» አለች ይባላል።

በረዶው የአገሩን መውጫ ዘጋ። ፋብሪስ ብርዱን ሙሉ እዚያው ቀረ፤ አዳራሹ የማይኖርበት ስለሆነ ንጉሡም እንግዳውም ከኡርሱላ ላሞች ጋር በረት ውስጥ ከረሙ። ጌታው ዘንድ ሄዶ ምን እንደሚል አንድም ቀን አልተናገረም። ሕዝቡ አገር ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ ፎርማጆውን እየቆረጠ፣ ላሙን እያለበ፣ አዲስ የተወለደውን ጥጃ እያሻሸ ከረመ። አንድም ሰው ግን አልማርን «ምነው በሩን በዘጉት» አላለውም፤ ያን ጊዜማ ዝም የማለት ልማዳቸው ቀርቶ ነበር፣ ቢያስቡት ኖሮ ይሉት ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ፋብሪስ ሄደ። ከጨው ነጋዴዎች የተሰማው እንዲህ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሙሉ ችሎት ፊት፣ «ታዲያ ለንጉሥ የሚመጥን ቤተ መንግሥት አገኘህ?» ሲለው፣ ፋብሪስ አላመነታም፤ «ቤተ መንግሥቱስ ፈራርሷል፣ እበትም ሞልቶታል፤ ንጉሥ ግን አግኝቻለሁ» አለ። የሳቀ ነበር፤ ያየውን ሁሉ ተርኮ ሲጨርስ ግን የሚስቅ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱም፣ «ሸለቆውን ተዉላቸው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቫልድሪን ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ጎረቤቱን ሰብስቦ ያሰድባል። አይቻለሁ፤ የልጄ ባል አንዲት የዶሮ ቤት ልሥራ ብሎ ያንን ቀን የወረደበትን ነገር ለጠላቴም አልመኘው። አንገት ላይ ያለው አዳራሽም እስከ ዛሬ የላም መንገድ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የአገሩ ላም በሙሉ በንጉሡ ፊት ያልፋል። ሲወርዱ ንጉሡ የመጨረሻዋ ላም ሳትገባ አይቀመጥም። ተቀምጦ የተገኘ ንጉሥ የለም ይላሉ።

እኔም በሄድኩበት ዓመት ሲወርዱ ቆሜ አየሁ። ያሁኑ ንጉሥ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደህና አይደለም፣ ከዘራ ይዘዋል። ላሞቹ በአበባ አጊጠው ካለፉ በኋላ እረኞቹ «አንዲት ቀርታለች» አሉ፤ ሰዉም ቆመ። ቆምን፣ ቆምን፤ ብርዱ አጥንቴ ገባ። የሽማግሌው እግር ሲንቀጠቀጥ እያየሁ አንድም ወንበር የሚያቀርብላቸው ሰው ሳጣ ደሜ ፈላ። ወደ ልጄ ዞሬ፣ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ስለ አንዲት ከብት ብለው ሽማግሌ ሰው ሊገድሉ ነው እንዴ? ንገሪያቸውና ይቀመጡ!» አልኳት።

ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ «እማዬ» አለችኝ፣ «የቀረችው እኮ ሊንሃርት ለልጄ የሰጧት ጥጃ ናት።»

ከዚያ ወዲያ አፌን ይዤ ቆምኩ።